ሠላሳ ሰባት ጊዜ

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ‹ችግርዎ ተፈቷል› የሚል ኢሜይል ደርሶኛል። የተፈታው የትኛው ነው?»

ግንቦት 2012 ነበር፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ። የቢሮው ስልክ ጠራ፣ አነሳሁት፣ አንዲት ሴት ይህን ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው። ከነገረችን ነገር ውስጥ አንዱ ተፈትቶ ከሆነ የቱ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች።

የምመልሰው አጣሁ። ኢሜይሉን የላኩት እኔው ነኝ። የጻፈችውን በግማሽ ልብ አንብቤ፣ የተለመደውን መልስ ለጥፌ፣ «ተፈቷል» የሚለውን ተጭኜ ወደሚቀጥለው አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም አንዳንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ኮምፒውተሬን ስዘጋ ጥያቄዋ ይመጣብኛል። የተፈታው የትኛው ነው?

## በሁለት ሳምንት የቆመ ትምህርት ቤት

ያን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። የማስተርስ ተማሪዎች በኦንላይን ይቀጥሉ ተባለ። እኔ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ድጋፍ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሦስት ነበርን።

ሙድል የሚባለው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ከዚያ በፊትም ነበረን። ነበረን ስል፣ ተጭኖ ተቀምጦ ነበር። ጥቂት መምህራን ስላይድ ያስቀምጡበታል፣ ሌላው አያየውም። አሁን ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ እሱ ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ሰርቨር አቆምን፣ ኮርሶችን ከፈትን፣ ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠን። እንቅልፍ አጥተን ነው የሠራነው። ሲከፈት ኮርቻለሁ፤ ዛሬም በዚያ ኩራት አላፍርም። ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉትን ያን ጊዜ ሊነግረኝ የሚችል ሰው አጠገቤ አልነበረም። ሁላችንም እየሮጥን ነበር።

የእርዳታ ጥያቄ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ፓስወርድ ጠፋብኝ፣ ኮርሱ አይታየኝም፣ ቪዲዮው አይከፍትም፣ ስሜ ተሳስቷል። በቀን ከ60 የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ለኃላፊያችን ሪፖርት እናስገባለን፤ ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ተፈታ። ቅጹ ላይ ያሉት ሁለቱ ዓምዶች እነዚህ ናቸው። ሰው በሚቆጠርበት ነገር ላይ ይተጋል። እኔም ተጋሁ።

እሷ ሦስት ጊዜ ጽፋልናለች። መጀመሪያ «አሳይመንቴን ልጭን ስል ስህተት ይላል» አለች። ኮኔክሽንዎን ያረጋግጡ ብዬ መለስኩ። ቀጥላ «ኮኔክሽኑ ደህና ነው፣ አሁንም ስህተት ይላል» አለች። ብሮውዘርዎን ይቀይሩ፣ ካሽ ያጽዱ ብዬ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ «ያላችሁትን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ እባካችሁ የመጨረሻው ቀን ደርሷል» ብላለች። እሱን እንዴት እንደመለስኩት አላስታውስም። ሲስተሙ ላይ ግን «ተፈቷል» ተብሎ ተዘግቷል፣ ከሥሩም የኔ ስም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ አልደበቀችም። ሦስት ጊዜ ነገረችን።

ከስልኩ ጥያቄ በኋላ ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ። «እህቴ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ምን ስታደርጊ ነው ስህተት የሚለው?»

ነገረችኝ። የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ናት። ከዚያ በፊት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ግቢው ሲዘጋ ቤተሰቦቿ ወዳሉበት የወረዳ ከተማ ተመልሳለች። ላፕቶፕ የላትም፤ ያላት ስልክ ነው። አሳይመንቱ የኳንተም መካኒክስ ነው፤ ስድስት ገጽ ስሌት። እንዲህ ያለ ስሌት በስልክ ኪቦርድ አይጻፍም። ስለዚህ በወረቀት ሠርታ ፎቶ አነሳችው። መምህሩም ፎቶ ይበቃል ብሏል።

ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። የቤታቸው ግቢ ጥግ ላይ፣ ከሮቶው አጠገብ ግን ይገባል። ቀን መስመሩ ይጨናነቃል። ሌሊት ይሻላል፤ የሌሊት ጥቅልም ይረክሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሲተኛ ጋቢ ደርባ ትወጣለች።

«ስህተት ሲል ምን የሚል ጽሑፍ ያመጣል?» አልኳት።

«ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ስለ ሰርቨር የሆነ ነገር ይላል። የኔ ጥፋት ይሁን የእናንተ አይለይም።»

«ትናንት ሌሊት ሞክረሻል?»

«አዎ። ከ8 ሰዓት ጀምሬ።»

«እስከ ስንት?»

«ሊነጋጋ እስኪል።»

ቁጥሯን ይዤ «መልሼ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ከኛ ቢሮ ወደ ተማሪ ተደውሎ አያውቅም ነበር። ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ለመደወል ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር ስፈልግ ነው። የቢሮው ስልክ ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ አይደውልም። በራሴ ሞባይል ደወልኩ።

## ሎጉን ስከፍት

ሰርቨር የሚያልፍበትን ሁሉ ይመዘግባል። ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት። ሎግ የምንለው ይህን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሎግ የምከፍተው ሰርቨሩ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ሰርቨሩ እየሠራ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው ብዬ አምን ነበር።

የስህተቱን መዝገብ ከፍቼ የትናንት ሌሊቱን ፈለግኩ። የሰርቨሩን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ስለተውነው እየደመርኩ እየቀነስኩ ነበር የማነበው። 23:02 ይላል። ሦስት ስትደምርበት በፈረንጆቹ ከሌሊቱ 2:02 ይሆናል። በኛ 8 ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ልክ እንዳለችው።

መስመሩ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛው ከመጠን ያለፈ ትልቅ ነገር ለመላክ አስቧል፤ 3,481,207 ባይት።» ከሥሩ 8:06፣ ያው ቃል። 8:09፣ ያው ቃል። 8:15 ላይ ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ሌላ ገጽ ይሻል እንደሆነ ሞክራለች ማለት ነው። እሱም ያው። ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳለች።

ወደ ታች እየወረድኩ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት መስመር። የመጨረሻው 10:40 ላይ ነው።

መሀል ላይ የ22 ደቂቃ ክፍተት አለ። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ከክፍተቱ በፊት ያሉት የፋይል መጠኖች ከክፍተቱ በኋላ አንድም አይደገሙም። ከዚያ ወዲህ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ አዲስ ናቸው። በዚያች 22 ደቂቃ ውስጥ ምን ሆነ? በኋላ ስደውልላት ጠየቅኳት።

«የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ብሎት መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ወደ ቤት ገብታለች። የደበዘዙ መስመሮችን በእስክሪብቶ አድምቃለች። ስድስቱን ገጽ በባትሪ መብራት እንደገና ፎቶ አንስታ ወደ ሮቶው ተመልሳለች። ሰርቨሩ የከለከላት ጽሑፏን ንቆ መስሏታል።

ጥፋቱ የኛ ነበር። ሰርቨሩ በር ላይ እንደ ዘበኛ የሚቆም ኤንጂንኤክስ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ካልነገሩት በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነገር አያስገባም። 413 የሚል ቁጥር ሰጥቶ ይመልሳል፤ «ያመጣኸው ከልክ በላይ ነው» ማለት ነው። የውስጡን ገደብ እኛው ወደ 20 ሜጋባይት ከፍ አድርገናል። ገጹም ለተማሪው «እስከ 20 ሜጋባይት ይፈቀዳል» ብሎ ይናገራል። የበሩን ግን ረስተናል። ዛሬ ተራ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ግቢ ይላታል፣ በሩ ይመልሳታል። ደግሞ በየሙከራው የሚባክነው ዳታ ከሷ ኪስ ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ጻፍኩት፣ አገልግሎቱን ዳግም አስነሳሁት። አምስት ሰከንድ አልፈጀም። ደወልኩላትና «አሁን ሞክሪ» አልኳት። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። «ስድስቱም ገቡ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን።

ከዚህ በፊት የነበረው አሳይመንት ግን ቀኑ አልፎ ዜሮ ተመዝግቦባታል። የመጀመሪያው ኢሜይሏ ስለሱ ነበር። የሁለቱንም ሎግ አትሜ ግቢ ውስጥ ወደሚኖረው መምህሯ ሄድኩ። ማስክ አድርገን በር ላይ ተራርቀን ቆምን። ወረቀቱን አቀበልኩት።

«እኔ እኮ ሰበብ መስሎኝ ነው» አለኝ። «ሁሉም ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ይለኛል።» ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያወረደ አነበበ። «ይሄ ሁሉ የሷ ነው?»

«የሷ ነው፣ ዶክተር።»

«በሌሊት?»

«ከ8 እስከ 10፡40።»

መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ የመጀመሪያውን አሳይመንት ለሷ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንደገና እንድከፍት ጠየቀኝ። ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገረኝ። ውጤት የሚሞላበትን ገጽ ያገኘው ልጁ አሳይታው ነው። እኛን ለመጠየቅ አፍሮ ነበር። ይህን የሚለኝ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ያን ማታ እሱንም አሰብኩት። ድጋፍ ስንል ተማሪውን ብቻ ነበር የምናስበው። መምህሩም ጨለማ ውስጥ ቆሞ ነበር።

## ያልጻፉልን

በማግስቱ ሎጉን ሰርቨሩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ አየሁት። 413 በየቦታው አለ። ከሙድሉ መዝገብ ጋር ሳስተያየው ከ50 የማያንሱ ተማሪዎች በዚያ በር ተመልሰዋል። አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው አቁመዋል። ከነሱ ውስጥ የጻፈችልን አንድ እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ ሌሎቹ ምን አደረጉ? ለአንዳንዶቹ ደወልኩ። የሰማሁት አስደነቀኝም፣ አሳዘነኝም። ብዙዎቹ መላውን ያውቁት ኖሯል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ለራስህ ትልከዋለህ። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። ያንኑ መልሰህ ታወርደዋለህ፣ 200 ወይም 300 ኪሎባይት ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ያለ ችግር ይጫናል። አንድ ዶርም ውስጥ የነበሩ ልጆች ይህን አግኝተው በግሩፓቸው ተባብለዋል። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። «አይሲቲ እኮ ኮኔክሽን አረጋግጥ ነው የሚለው» አለኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው።

እዚህ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። የኛ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እውነተኛው የቴክኒክ ድጋፍ ሁልጊዜም የነበረው ዶርም ውስጥ ነው። አንድ ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ይኖራል። ላፕቶፕ የሚፎርማት፣ ቫይረስ የሚያጠፋ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የገጽ ቁጥር የሚያስተካክል እሱ ነው። ክፍያው ሻይ ነው። ግቢው ሲዘጋ የተበተነው እሱ ነው። በቢሮ ደረጃ ምንም አልተለወጠም፤ ያው ሦስታችን ነን። ተማሪው ግን ያጣው ብዙ ነው። ጓደኛ የነበረው፣ ግሩፕ ውስጥ የነበረው፣ እንደ ምንም ተሻገረ። ከሥራ መጥታ የተማረች፣ ዶርም ያልነበረች፣ ብቻዋን ሮቶ ሥር የቆመች ሴት ግን ከኛ ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን በትንሹ ቀየርን። «ተፈቷል» የምንለው ጠያቂው ራሱ ተፈቷል ሲል ብቻ ይሁን አልን። የሳምንቱ ቁጥር ወረደ። ኃላፊያችን ጠየቁን፣ አስረዳናቸው፣ እሺ አሉ። ከሦስታችን አንዱ በተራ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት በቴሌግራም እንዲቀመጥ ተስማማን። ቢሯችን 11፡30 ላይ ይዘጋ ነበርና። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ የሚማር ሰው ችግር የሚገጥመው እኛ ቤታችን ገብተን እራት ከበላን በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ሎጉ ሰዓቱን ይዟል።

ሰው መስማት ስትጀምር የምትሰማው ነገር ብዙ ነው። አንድ መምህር በቴሌግራም «ፈተናው እስከ ማታ 2 ሰዓት ነው» ብሎ ሙድሉ ላይ 02:00 ሞልቷል። ለሙድል 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ፈተናው መምህሩ ካለው 18 ሰዓት ቀድሞ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ያረፈዱ መስሏቸው ተደናግጠዋል። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፣ መምህሩም በሰዓታችን አልተሳሳተም። መሀል ላይ ቆሞ ሁለቱን የሚያስማማ ሰው ነው የጎደለው። ከዚያ ወዲህ ኮርስ ስንከፍት የመጨረሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር በቃል እንጽፈው ጀመር። ትንሽ ነገር ነው። ጥሪው ግን በግልጽ ቀነሰ።

ከዚያ ሰኔ 23 መጣ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ያህል። በዚያ ላይ እኛ ማድረግ የምንችለው አልነበረም። ግን አንድ ነገር አስታውሳለሁ። መስመሩ ሲመለስ ሙድሉ ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ አልፈዋል። ሰርቨሩ የራሱን ቀን ይቆጥራል እንጂ ስለ አገር ምንም አያውቅም። ተማሪው ገብቶ የሚያየው «ጊዜው አልፏል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ነው። ሁለት ቀን ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ኮርስ እየከፈትን ቀኖቹን በእጃችን ገፋን። ማንም አላዘዘንም። ከግንቦቱ ስልክ በፊት ቢሆን ጥያቄው በኢሜይል እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር።

## የማይሰማ አስተማሪ

ይህን ሁሉ ሳስብ ፕላዝማው ትዝ ይለኛል። በ1997 ዓ.ም. ትምህርቱ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምጣት ሲጀምር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ «በጣም ጥሩ» ትላለች። እኛ ገና ጥያቄውን እየጻፍን ነው። መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሲያልቅ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ይሮጣል። መብራት የሄደ ቀን ወይም ፕላዝማው የተበላሸ ቀን ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ። ጠጋኙ ከከተማ ነው የሚመጣው።

ፕላዝማውን መውቀስ አልፈልግም። ከሱ የተማርኩት ነገር አለ። የከበደኝ እጄን ሳነሳ የሚያይ አለመኖሩ ነው። በግንቦት 2012 ራሴን ያገኘሁት በዚያች አስተማሪ ቦታ ላይ ነበር። ተማሪዋ እጇን አነሳች፣ እኔም «በጣም ጥሩ» ብዬ ቀጠልኩ።

ሙድልን የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ይህ ሰው ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ከከተማ እጅግ በራቀ ቦታ ነው፤ የተማረው በሬዲዮ። እዚያ አገር «የአየር ትምህርት ቤት» የሚሉት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ የተጀመረ። እኛም ትምህርት በሬዲዮ እናውቃለን። የነሱ ሬዲዮ ግን ሁለት መንገድ ነበር። ልጁ ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል። አልሰማሁም፣ ይደገምልኝ ማለት ይችላል፤ አስተማሪዋም ትሰማዋለች። እኛ የተከልነው ሥርዓት በዚያ ልጅ የተሠራ ነው። ሶፍትዌሩን አመጣነው። በወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የሚሰማውን ሰው ግን አላመጣነውም።

ዛሬ ነገሩ ያን ጊዜ እንደነበረው አይደለም። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ኢ-ሺ የሚባል የኦንላይን ትምህርት ፕሮጀክት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጀምሯል። መምህራን ሠልጥነዋል፣ ስቱዲዮዎች ተከፍተዋል። ደስ ይለኛል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲመረቅ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳው ማነው? ደመወዙስ ከየትኛው በጀት ነው? መልስ ከሌለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል። በተለይ ዘንድሮ ሁሉም ነገር ክላውድ (ደመና፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት የሩቅ ሰርቨር) ላይ ነው እየተባለ።

ማድረግ አንችልም የሚለውን አልቀበልም። የመውጫ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር ሲሰጥ አይቻለሁ። በሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ሲሰጥ እኛ ግቢ በየላቡ አንድ ባለሙያ ቆሞ ነበር። ጄኔሬተሩ በነዳጅ ተሞልቷል፣ መለዋወጫ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ተደርድሯል። የአንዱ ተማሪ ስክሪን ሲጠፋ ሰው በሩጫ ይደርስለታል። ስለዚህ እናውቅበታለን። ለአራት ዓመቱ መጨረሻ የምንሮጠውን ያህል ለተራው ማክሰኞ መሮጥ ነው ያልለመድነው።

ከባዱ ነገር ሰው ማቆየት ነው። ከሦስታችን አንዱን በዓመቱ ባንክ ወሰደው። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። አንዱ ወደ ቴሌኮም ሄደ። አዲስ የመጡት ጎበዞች ናቸው፣ ግን የትኛው መምህር ሲያፍር ዝም እንደሚል፣ በየትኛው ወረዳ ኔትወርክ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሻል ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ዕውቀት ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥም። ሰውዬው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። ሰርቨር ሲገዛ ጨረታ ይወጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሪቫን ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሲለቅ ክሊራንስ ላይ ፈርመን እንሸኘዋለን።

ሠላሳ ሰባቱን መስመር ያተምኩበትን ወረቀት ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተሬ ጎን ለጥፌው ነበር። አዳዲስ ልጆች ሲመጡ ምንድነው ይሉኛል። መጀመሪያ ራሳቸው እንዲያነቡት እተዋቸዋለሁ። ሰዓቱን እየደመሩ እየቀነሱ ይደርሱበታል። 22 ደቂቃዋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይጠይቃሉ።

እሷ ማስተርሷን ጨርሳ ወደ ማስተማሯ ተመልሳለች። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ደወለችልኝ። ቁጥሯ ስልኬ ላይ ስላለ ገና ሳነሳው አወቅኳት።

«ዛሬ የኔ ችግር አይደለም» አለች። «እዚህ አብሮኝ የሚያስተምር ልጅ አለ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው በኦንላይን የሚማረው። አሳይመንት ሊጭን ሲል ስህተት ይለዋል። ፎቶውን በቴሌግራም አሳንሰን ሞከርን፣ እምቢ አለ። ኢሜይል ጽፎላቸው ‹ተፈቷል› አሉት።»

የኛ ተማሪ አይደለም። ሰርቨሩም የኛ አይደለም፤ ሎጉን ማየት አልችልም። ሳህኔን ወደ ጎን አደረግኩ።

«ስልኩን ስጪው» አልኳት።

ከወዲያ የሆነ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ አንድ ወጣት ድምፅ፣ እየፈራ፣ «ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ምን ስታደርግ ነው ስህተት የሚልህ?»